ያለ ጊዜያቸው የመጡ ልጆች

ማርገዜን ከባለቤቴ በፊት ያወቀችው ጎረቤቴ ናት። አትላንታ ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር። አንድ ጠዋት አውቶቡስ እየጠበቅሁ ሳለ አንድ የጭነት መኪና ጭሱን ፊቴ ላይ ለቆብኝ አለፈ። መንገዱ ዳር ቁጢጥ ብዬ ሳስመልስ አንዲት ሴት ከኋላዬ መጥታ ግንባሬን በመዳፏ ደገፈችኝ። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ደረጃ ላይ ስንተላለፍ አንገታችንን ከመስበር በቀር ተነጋግረን አናውቅም።

"ስንት ወርሽ ነው?" አለችኝ።

"አላውቅም" አልኳት። እውነቴን ነበር። እሷ ግን እንግሊዝኛው ያልገባኝ መስሏት የራሷን ሆድ በእጇ እያሳየች ቀስ ብላ ደገመችልኝ። እሷም እርጉዝ መሆኗን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሆዷ ገና አልገፋም ነበር። ከቦርሳዋ ደረቅ ብስኩት አውጥታ ሰጠችኝና አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ አጠገቤ ቆመች።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ ከአትላንታ ዳር ያለችው ክላርክስተን ገና የሐበሻ ሰፈር አልሆነችም። ከስደት፣ ከሱዳን ያመጡን የእርዳታ ድርጅት ሰዎች ቤት ያገኙልን በከተማው ደቡብ፣ በአውራ ጎዳናውና በከባድ መኪናዎች ማቆሚያ መካከል ባለ አሮጌ አፓርታማ ነበር። ከላይ አውሮፕላኖቹ ጎማቸው እስኪታይ ድረስ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። መስኮት ከከፈትን ጭሱ ይገባል፣ ከዘጋን ሙቀቱ አያስቀምጥም። ከእኔና ከባለቤቴ በቀር ነዋሪው ሁሉ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። እኔ ደንዉዲ በሚባል የሀብታሞች ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል አንሶላ አጥባለሁ፣ አጥፋለሁ። እዚያ ለመድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር፣ ከዚያ እንደገና በአውቶቡስ መሄድ ነበረብኝ። ባቡሩ ወደ ሰሜን እየሄደ ሲመጣ ዛፉ እየበዛ፣ ጥቁሩ ሰው እየቀነሰ ይሄዳል። ደንዉዲ ከአውቶቡስ ስወርድ እርጉዝ ሴቶች የስፖርት ጫማ አድርገው ጥላ ሥር ሲራመዱ አያለሁ። ወዴት እየሄዱ እንደሆነ አንዷን የሥራ ባልደረባዬን ጠየቅኋት። "የትም አይሄዱም፣ ለጤናቸው ነው" አለችኝ።

ጎረቤቴ የምትሠራው ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ በሚታሸግበት ቤት ነበር። ክፍሉ ምግቡ እንዳይበላሽ ተብሎ ሁልጊዜ እንደ ፍሪጅ ይቀዘቅዛል። ቀኑን ሙሉ እዚያ ቆማ ትሪ ትሞላለች። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበረ ሳምንቱን አብዛኛውን መንገድ ላይ ነው። አብራት የምትኖረው እናቷ ናት። እኔ እሳቸውን "እማማ" ማለት ጀመርኩ፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸውና በዚያው ጸና።

ከዚያ ጠዋት በኋላ ክሊኒክ አብረን መሄድ ጀመርን። የሰፈሩ ክሊኒክ እኛ ከመምጣታችን ቀደም ብሎ ተዘግቷል። መስታወቱ ላይ ሕፃን የታቀፈች ሴት ሥዕል ቀርቶ ነበር፤ በሩ ግን በጣውላ ተመትቷል። ስለዚህ ከተማው መሀል ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል በአውቶቡስ እንሄዳለን። ጠዋት ገብተን ከሰዓት በኋላ ነው የምንወጣው። እሷ ለራሷ ብቻ ሳይሆን ለእኔም ትጠይቅልኛለች። አንዴ አንዲት ነርስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታናግረኝ፣ ጎረቤቴ ረጋ ብላ "ቀስ ብለሽ ንገሪያት እንጂ መጮህ አያስፈልግም። ጆሮዋ ደህና ነው" አለቻት።

አንድ ቀን ወረፋ ይዘን ተቀምጠን ሳለ ከዚህ በፊት አንድ ልጅ እንደነበራት ነገረችኝ። ወንድ ነበር። "ስድስት ወሩ ላይ መጣ" አለች። "አልቆየም።" እኔ ምን እንደሚባል በእንግሊዝኛ አላውቅም ነበር። እጇን ያዝኩ።

ሲጋራ አታጨስም፣ መጠጥ አትቀምስም። የተሰጣትን ቫይታሚን አታቋርጥም፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አትቀርም። ይህን የምናገረው በኋላ ታሪኳን የነገርኳቸው ሰዎች፣ ሐበሻውም ሌላውም፣ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ያንን ስለሆነ ነው። ጥንቁቅ ሴት ነበረች። ስትጨነቅ ግን ትታያለች። እኛ ከመምጣታችን በፊት በነበሩት ዓመታት የዚያ አካባቢ ጥቁር ልጆች እየጠፉ ሞተው ይገኙ እንደነበር የነገረችኝ እሷ ናት። እማማ ከዚያ ወዲህ መስኮት ዳር መቀመጥ ለምዶባቸው ቀርቷል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አንድ በአንድ በዓይናቸው ወደየቤታቸው ያስገቧቸዋል።

የዚያ አገር በጋ ሲገባ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ሐኪሙ በየጊዜው የሚለዋወጥ ነበር፤ የዚያን ቀኑ ወጣት፣ ትሑት፣ በጣም የቸኮለ ሰው ነው። እኔም ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ።

"ራሴን ያመኛል። እግሬ ጫማ አልገባም ብሏል" አለችው። "ያለፈውም የጀመረኝ እንዲህ ነበር።"

"በዚህ ሙቀት የእርጉዝ ሴት እግር ያብጣል" አላት። "ጨው ቀንሺ። በተቻለሽ መጠን ተኝተሽ እረፊ።"

"ያለፈው ልጄ እኮ ሞቷል" አለችው።

"መዝገብሽ ላይ አይቻለሁ፣ አዝናለሁ" አለና በሚቀጥለው ቀጠሮ እንደሚያዩት ነግሯት ወጣ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ "ታዲያ ተኚ እንጂ" አልኳት፤ ቀላል ነገር መስሎኝ።

"ከተኛሁ ሥራዬ ላይ ሌላ ሰው ይቆማል" አለችኝ። "ልጁ ሲመጣ ደግሞ ያቺ ሥራ ታስፈልገኛለች።" ጫማዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነበር።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጣሪያችን ተደበደበ። እማማ በመጥረጊያ እንጨት ወለላቸውን እየመቱ ነው። ሮጬ ወጣሁ። ጎረቤቴ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። ቀሚሷ ርሷል። እንሽርት ውሃዋ ፈሷል።

"ገና ነው" አለችኝ። "ገና እኮ ነው።"

ለአምቡላንስ ተደውሎ ነበር። ጠበቅን። እማማ ደረጃው ላይ ይወጣሉ ይወርዳሉ። አምቡላንሱ ሲቆይ ባለቤቴ ከአንድ ወዳጁ የገዛትን አሮጌ መኪና ደጃፍ ድረስ አስጠጋት። ደግፈን አወረድናት። መንገዱን በሙሉ አንድ ጊዜም አልጮኸችም። ጉልበቶቿን ገጥማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከልጁ ጋር እንደምትነጋገር ሁሉ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ሆስፒታሉ ደጅ ስንደርስ ባለቤቴ እንደ ሕፃን ታቅፎ አስገባት።

ሴት ልጅ ወለደች። ሰባተኛውን ወር ገና መጀመሯ ነበር።

ሕፃናቱ ወደሚተኙበት ክፍል የሚገባው ወላጅ ብቻ ነው። ጎረቤቴ እኔን "እህቴ ናት" አለቻቸው። ነርሷ ሁለታችንንም አየት አየት አደረገችና እጄን እንድታጠብ አሳየችኝ። ሕፃኗ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተኝታለች። ከክርኔ እስከ አንጓዬ አትሆንም። ቆዳዋ ስስ ከመሆኑ የተነሣ ደረቷ ላይ ያለው ደም ሥር ይቆጠራል። አፍንጫዋ ውስጥ ቱቦ አለ። ጥፍሮቿ ግን ሙሉ ነበሩ፤ ያ በጣም ገረመኝ። በሣጥኑ መስኮት በኩል እጄን ሳስገባ እግሯን ላሻሻት ፈለግሁ።

"አታሻሺያት" አለችኝ ጎረቤቴ። "ያማታል። ዝም ብለሽ እጅሽን አሳርፊ፣ ራሷ ትለምደዋለች።"

እጄን አሳረፍኩ። እኔም ያኔ ስድስተኛ ወሬ ነበር፤ የእኔው ልጅ ሆዴ ውስጥ ይገላበጣል። የመስታወት ሣጥኖቹ በሁለት ረድፍ ናቸው። አብዛኞቹ ሣጥኖች አጠገብ የተቀመጡት እናቶች ጥቁሮች ነበሩ፤ አንዳንዶቹን ከአውቶቡሳችን በመልክ አውቃቸዋለሁ። አንዷ ከእኛ ግቢ ጀርባ ባለው ሕንፃ የምትኖር ልጅ እግር ናት። ሁላችንም እዚያ በመገናኘታችን እንዳፈርን ሁሉ በዓይን ብቻ ሰላም እንባባላለን።

ሕፃኗ ሳምንታት ኖረች። አንዳንድ ቀን ትሻላለች፣ ቱቦው ይነሣላታል፣ ፊቷ ይታያል፤ በነጋታው ተመልሶ ይገባል። ጎረቤቴ ብዙም ሳትቆይ ሥራ ተመለሰች። ያላትን የእረፍት ቀን ልጇ ቤት ስትገባ ልትወስደው ነው ያሰበችው። ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ሆስፒታል ትሄዳለች። ጡቷ እያጋተ ልብሷን ያርሰው ስለነበር ሹራብ ደርባ ነው የምትሠራው። ለክፍሉ ቅዝቃዜ መስሏቸው ማንም አልጠየቃትም።

መስከረም ውስጥ በምሳ ሰዓት ሥራ ቦታዋ ተደወለላት። ልጅቷ ደክማለች፣ ቶሎ ነይ ተባለች። ባሏ ሌላ ክፍለ አገር መንገድ ላይ ነው። የአውቶቡሱ ማቆሚያ ከሥራዋ ሩቅ ነው፣ መሀል ከተማ ወርዳ ሌላ መያዝ አለባት። ስትደርስ አንዲት ነርስ ሕፃኗን በፎጣ ጠቅልላ ታቅፋት ተቀምጣለች። ሞታለች፤ ብቻዋን እንዳትሆን ብላ ነው ነርሷ ያላስቀመጠቻት። ጎረቤቴ ልጇን ያለ ቱቦ ያቀፈቻት ያን ቀን ነው።

በእነሱ ዘንድ ለቅሶ እንደ እኛ ቤት አይቀመጡም። ቀብሩ ካለቀ በኋላ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ምግብ አምጥተው፣ ጸልየው፣ ሄዱ። እኔ ሌላ መንገድ አላውቅም። ከሥራ እንደተመለስኩ አጥሚት አፍልቼ ወደ ላይ ወጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጅ ባትታቀፍም አራስ ናት። በነጋታውም ወጣሁ፣ በሚቀጥለውም። እማማ "ልጄ፣ ምን ፈልገሽ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ምንም" አልኳቸው። "እኛ አገር ሰው ሲሞትበት አብረን እንቀመጣለን።"

ወንበር አመጡና እሳቸውም ተቀመጡ። ጎረቤቴን በእንግሊዝኛ ላጽናናት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። በመጨረሻ "እግዚአብሔር ያጥናሽ" አልኳት በአማርኛ። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀችኝም። አጥሚቱን ጠጣች፤ ከዚያ ሆዴን አየችና "አንቺ እረፊ እንጂ፣ ደረጃ አትውጪ" አለችኝ።

የእኔ ልጅ የተወለደው ኅዳር ማለቂያ ላይ፣ የዚያ አገር ክረምት ሲገባ ነው። ጊዜውን ጠብቆ፣ እንዲያውም ጥቂት አሳልፎ፣ ደልቦ መጣ። ያዋለደችኝ ነርስ ልጁን ብድግ እያደረገች "እናንተ ከአፍሪካ የምትመጡት ልጆቻችሁ ጠንካሮች ናቸው" አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን እኔና ጎረቤቴ በአንድ ደረጃ ወጥተን ወርደን፣ ያንኑ ጭስ ስበን፣ ያንኑ ሐኪም አይተናል። እሷ እንዲያውም ከእኔ የበለጠ ትጠነቀቅ ነበር። ለምን የእኔ ዳነ? ያንን የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

ቤት ከገባሁ በኋላ ልጁ ባለቀሰ ቁጥር ጣሪያውን አያለሁ። ድምፁ ወደ ላይ እንዳይሰማ መስኮቱን ዘግቼ፣ መታጠቢያ ቤት ይዤው ገብቼ አባብለዋለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት።

"ለምንድን ነው የምትደብቂው?" አለችኝ።

"አልደበቅሁትም።"

"ስጪኝ።"

ሰጠኋት። አንገቱ ሥር አፍንጫዋን ቀብራ አሸተተችው፣ ብዙ ቆየች። ከዚያ "ሲከብድ" ብላ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ። እኔም አለቀስኩ። ልጁ ብቻ ተኛ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ በሌላት ቀን እሷና እማማ ነበሩ የሚይዙልኝ።

እማማ ልጁን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እያለ አንድ ጊዜ ስለ ራሳቸው ነገሩኝ። እሳቸውም ከገጠር ወደ ከተማ ከመጡ በኋላ ያለ ጊዜያቸው የመጡ ልጆች ቀብረዋል። "በቤታችን ልጆች ይቸኩላሉ። ደማችን ነው ብለን ነው ያደግነው" አሉኝ። "ቆይቼ ሳየው ግን ጎረቤቶቼም እንዲሁ ናቸው። ከእነሱ ጋር ደግሞ በደም አንዛመድም።"

ልጄ መራመድ ሲጀምር ክላርክስተን ርካሽ አፓርታማ ተገኘና ለቀቅን። ሐበሾች መሰባሰብ ጀምረው ነበር። ቦታው ዛፍ ነበረው፣ ጭስ የለውም። እኔ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራ አገኘሁ፤ ጠዋት አንድ ሺፍት፣ ማታ ሌላ። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። እንግሊዝኛዬ ተሻሻለ፣ መኪና መንዳት ለመድኩ፤ ያገሬው ሰው የሚፈራውን መፍራት፣ ያገሬው ሰው የሚቸኩለውን መቸኮልም ለመድኩ። መጦሪያው ውስጥ አንዳንድ አዛውንት "ነጭ ሴት ጥሩልኝ" ብለው እጄን ሲገፉኝ መጀመሪያ ላይ ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር። በኋላ ማልቀሱን ተውኩት። ጥርሴን ነክሼ መተኛት ጀመርኩ፤ ጠዋት መንጋጋዬን ያመኛል።

ሁለተኛዋን ያረገዝኩት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ይህኛው ቀላል ነው ብዬ ነበር። ሰውነቴ ያውቀዋል፣ ቤቱ የተሻለ ነው፣ የጤና ኢንሹራንስም አለኝ። ሰባተኛው ወር ላይ አንዲት አሮጊት ከአልጋ አንሥቼ ወንበር ላይ ሳስቀምጥ ወገቤን ቆረጠኝ። ቁርጠቱ ሲደጋገም ምጥ መሆኑን አወቅሁ። አፌ ላይ የመጣው "ገና ነው" የሚል ቃል ነበር፣ በእንግሊዝኛ።

ሴት ልጅ ናት። እሷም የመስታወት ሣጥን ውስጥ ገባች። ሐኪሟ ትዕግሥተኛ ሴት ነበረች፤ እናቴ ያለ ጊዜው የወለደችው ልጅ እንዳለ ጠየቀችኝ። "እናቴ ስምንት ልጆች ወልዳለች፣ ሁሉም ጊዜያቸውን ጠብቀው ነው" አልኳት። "እህቶቼም እንደዚያው።" ምክንያቱን ስጠይቃት "አንዳንድ ጊዜ አናውቀውም" አለችኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያ መልስ ከሁሉ በላይ አስለቀሰኝ።

ለቀድሞ ጎረቤቴ ስልክ የደወለላት ባለቤቴ ነው። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ማንም ሳያሳያት የሣጥኑን መስኮት ከፈተች፣ እጇን አስገብታ ልጄ ላይ አሳረፈች። ያለፈችበት ክፍል እንደገና መግባቷ ምን እንዳደረጋት ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። ቢሆንም ከወንበሩ አልተነሣችም።

"የመጀመሪያው ደህና ነበር እኮ" አልኳት። "ምን ተለወጠ?"

"ያኔ ገና መምጣትሽ ነበር" አለችኝ። "አሁን አንቺም የዚህ አገር ጥቁር ሴት ሆነሻል።" በክፋት አልነበረም። እያዘነችልኝ ነው የተናገረችው።

ልጄ ተረፈች። ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ ሳንባዋ ደካማ ሆኖ ቀረ፣ አንድ ዓይኗም በደንብ አያይም። ሰማንያ ቀኗ ሆስፒታል ውስጥ አለፈና ክርስትና ያነሣናት ዘግይተን ነው። ያኔ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረን የምንገለገለው በኪራይ፣ በአንድ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነበር። ጎረቤቴን ጠራኋት። ነጭ ልብስ ገዝታ መጣች። የክርስትና እናት ልትሆን እንደማትችል ነግሬያት ነበር፤ ቢሆንም እስከ ውሃው ድረስ ልጄን የታቀፈቻት እሷ ናት፣ ማንም አልከለከላትም። ሲያጠምቋት ልጄ ጮኸች። ድምፅዋ ቀጭን ቢሆንም ክፍሉን ሞላው።

ሥርዓቱ ሲያልቅ ጎረቤቴ ጥግ ይዛ ቆማ አየኋት። ቄሱም አይተዋት ኖሯል። ሽማግሌ ናቸው፣ እንግሊዝኛ አይችሉም። ወደ እኔ መጥተው "ይህች ሴት ምን ሆና ነው?" አሉኝ።

ጠየቅኋት። "የእኔዋ ሳትጠመቅ ነው የሄደችው" አለችኝ። ለአባ ተረጎምኩላቸው።

እሳቸው መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አጎነበሱ። እንዳይቆጡ፣ ወይም የማልተረጉመው ነገር እንዳይናገሩ ፈርቼ ነበር። ቀና ብለው "ስሟን ማን ብላት ነበር? ትንገረኝ። በየዕለቱ በግሌ ስጸልይ አስባታለሁ" አሉ።

ነገረቻቸው። ስሙ ለአባ አፍ አስቸገረ። እሷ ቀስ ብላ ደገመችላቸው፣ እሳቸው ተከተሏት፣ አሁንም አልተስተካከለም፤ እንደገና አለችላቸው። በመጨረሻ ሲይዙት ራሷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነቻቸው፤ እሳቸውም መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳረፉላት።

በሚቀጥለው ዓመት እማማ አረፉ። ጎረቤቴና ባሏ ዕቃቸውን ጭነው የባሏ ዘመዶች ወዳሉበት ሌላ ከተማ ሄዱ። ሌላ ልጅ አልወለዱም። ስልክ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ልጄ ደህና ትተነፍስ እንደሆነ ነው።